ከጭዱ ጀርባ የቆመችው መኪና

ሥራ ያቆምኩት እጄ እምቢ ቢለኝ ነው። ዓይኔ ደህና ነው፣ ወገቤም ገና ይችላል፤ የቀኝ እጄ አውራ ጣት ግን ወስፌ ጨብጦ ቆዳ መብሳት ተወ። ሐኪሙ «ጅማቱ ደክሟል፣ አሳርፊው» አለኝ፤ አሳረፍኩት። አሁን መካነ ሰላም ከቤቴ በረንዳ ላይ ሆኜ የሚያልፈውን መኪና አያለሁ። የዛሬ መኪና ወንበሩ ሲቀደድ የተዘጋጀ ልባስ ይገዛለትና እንደ ትራስ ጨርቅ ይጠለቅለታል። ሰፊ የሚፈልግ የለም። ይህ አያስከፋኝም፤ እኔ የሠራሁት በሌላ ዓይነት መኪና ላይ ነው። የመሳፍንት፣ የኤምባሲ፣ የባላባት የነበሩ፣ ዘመን ያለፈባቸው፣ አፍንጫቸው የረዘመ የድሮ የምቾት መኪኖች። እነሱን ከወደቁበት አንስቶ ወንበራቸውን፣ ጣሪያቸውን፣ የበራቸውን ገበር መስፋት ነበር እንጀራዬ።

«ዘሀራ፣ ሴት ልጅ ሆነሽ፣ ያውም ከዚህ ከቦረና፣ እንዴት እዚህ ሥራ ውስጥ ገባሽ?» ይሉኛል።

መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ገበያው ዳር በእግር በሚረገጥ የልብስ መኪና እሰፋ ነበር። እኩዮቼ አንድ በአንድ ዐረብ አገር ሲሄዱ እኔም በኮንትራት ሄድኩ። የገባሁበት ቤት ጌታ፣ እኛ ሠራተኞቹ «ባባ» የምንላቸው ሽማግሌ፣ ከቤታቸው ጀርባ ትልቅ አዳራሽ ነበራቸው። አዳራሹን ሌት ተቀን ማቀዝቀዣ ያቀዘቅዘዋል፤ እንግዳ ግን አያድርበትም። ያሉበት አሮጌ መኪኖች ናቸው። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ሳቄ መጣ። እኛ በሙቀት እየነደድን ብረት በብርድ ይቀመጣል ብዬ።

አንድ ቀን የቤቱ ድመት ሾልካ ገብታ የአንዷን መኪና የኋላ ወንበር በጥፍሯ ዘነጠለችው። ባባ መንገድ ላይ ነበሩ። የቤቱ እመቤት፣ ማዳም፣ ጭንቅላቷን ይዛ ስትጮህ «ልብስ ሰፊ ነበርኩ፣ ልሞክረው» አልኳት። ከውስጥ በኩል ቁራጭ ደግፌ፣ በጎባጣ መርፌ የቆዳውን ጠርዝ ከጠርዝ ጋር አገናኘሁት። ባባ ሲመለሱ በዓይናቸው አላገኙትም፤ እጃቸውን ሲያሳርፉበት ግን አገኙት። አስጠሩኝ። ሻንጣዬን በልቤ አዘጋጅቼ ነው የሄድኩት። እሳቸው ግን ጣታቸውን በስፌቱ ላይ እየመለሱ፣ «ከነገ ጀምሮ ኩሽናውን ተይው፣ እዚህ ነው የምትሠሪው» አሉኝ።

ከልብስ መኪና ወደ ሰው መኪና የተዛወርኩት በዚያ ቀን ነው። ቆዳን ቅባት ማብላት፣ ከፀሐይ መከለል፣ በር ሳይጮህ መዝጋት፣ ሰዓቱን በየሳምንቱ መሙላት፣ ይህን ሁሉ እዚያ ለመድኩ። የወንበር ቆዳ መስፋት ግን በወጉ አልተማርኩም። ኮንትራቴ አልቆ አገሬ ስገባ እህቴ «ሱቅ እንክፈት» አለችኝ። እኔ ደሴ ሄድኩ።

ደሴ ውስጥ የመኪና ወንበር የሚሰፉ፣ ጋሼ መንገሻ የሚባሉ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው አሥመራ ጣሊያን ቤት የተማሩ ናቸው። ስገባ የአውቶብስ ወንበር ገልብጠው የሽቦ ሞላውን ይቆጥራሉ።

«ጋሼ፣ ሥራ ልማር መጣሁ።»

«ምን ሥራ?»

«ይህንኑ።»

ቀና ብለው አዩኝ። አልሳቁም፣ አልተቆጡም። «እጅሽን አሳዪኝ» አሉ። ዘረጋሁላቸው። ጣቶቼን እያገላበጡ ሲያዩ ቆዩና፣ «ልብስ ሰፊ ነሽ» አሉኝ። «ልብስ ሰፊ ጥሩ እጅ አለው፤ ግን ይቸኩላል። እኔ ዘንድ ቀስ ማለት ትማሪያለሽ። ሌላውን እጅሽ ያውቀዋል።»

የጋሼ መንገሻ አሠራር እስከ ዛሬ ከነእንቅስቃሴያቸው ይታየኛል። መኪና ሲመጣላቸው መሣሪያ አያነሡም። መጀመሪያ ባለቤቱን «ማነው የሚቀመጥበት?» ብለው ይጠይቃሉ። ወፍራም ነው ቀጭን? ወገቡን ያመዋል? ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት? ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው ይገቡና በየወንበሩ ላይ ይቀመጣሉ። በነጂው፣ በጎኑ፣ ከኋላ በግራ፣ ከኋላ በቀኝ። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሞላው የት እንደሞተ፣ ሙሌቱ የት እንደሸሸ በመቀመጫቸው ነው የሚያነቡት። ሲወርዱ «ግራው ያለቅሳል» ወይም «ይህ ገና ጤነኛ ነው፣ አንነካውም» ይላሉ። ያልታመመ ነገር ሲፈታ ማየት አይወዱም።

የድሮውን ስፌት ሲፈቱ ከውስጥ በኩል ነው፣ አንድ በአንድ። የወለቀውን ቆዳ አይጥሉም፤ ግድግዳ ላይ ይሰቅሉትና አዲሱን በእሱ ልክ ይቆርጣሉ። «ይህን የሰፋው ሰውዬ እብድ አልነበረም። እዚህ ጋ ድርብ ካደረገ ምክንያት አለው። ምክንያቱን ሳታገኚ አትፍቺው» ይሉኝ ነበር። ክሩን በሰም ሲያሹት እንደ ሕፃን ፀጉር ነው የሚይዙት። ከሰው ጋር የተቀያየሙ ቀን ደግሞ አይሰፉም። «የተቆጣ እጅ ስፌቱን ያጠብቀዋል» ይላሉ፤ ሱቁን ዘግተው ይሄዳሉ።

ሐጂ ይማምን ያገኘሁት እዚያው ነው። ሐጂ የመካነ ሰላም እህል ነጋዴ ናቸው፤ ልጆቻቸው ዐረብ አገር ናቸው። አዲስ መኪና መግዛት አላቃታቸውም። እሳቸው የሚፈልጉት አሮጌ ነው። ልጅ እያሉ ወረኢሉ መንገድ ላይ የአንድ ገዢ ጥቁር መኪና ጭቃ ረጭታባቸው አልፋለች። «ሌላው ልጅ ሲሳደብ እኔ ከኋላዋ ሮጥኩ» ይላሉ። «የሞተሯ ድምፅ እንዳያመልጠኝ።» ካደጉ በኋላ አዲስ አበባ በሄዱ ቁጥር ጨረታ ቤትና የአሮጌ ብረት ግቢ እየዞሩ መፈለግ ያዙ። ሰው «ሐጂ ቆርቆሮ ይለቅማሉ» እያለ ይሳለቅባቸው ነበር።

የመጀመሪያዋን፣ አንድ ኤምባሲ ይገለገልባት የነበረች ጥቁር የጀርመን መኪና፣ በጭነት መኪና አስጭነው ደሴ አመጧት። ጋሼ መንገሻ ከሰፉላቸው በኋላ ሐጂ ሌላ መኪና እንዳለ፣ ሌላም እንደሚመጣ ነገሯቸው፤ ቦረና ድረስ እንዲሄዱላቸውም ለመኗቸው።

«እኔ በዚህ ዕድሜ አልሄድም» አሉ ጋሼ። «ይችን ልጅ ይውሰዱ።»

ሐጂ አዩኝ። «ሴት ናት እኮ።»

«እኔም አይቻለሁ» አሏቸው ጋሼ፤ ወደ ሥራቸው ዞሩ።

እንዲህ አድርጌ ወደ አገሬ በሠራተኝነት ተመለስኩ። ሐጂ ከእህል መጋዘናቸው ጎን አንድ ሰፊ ክፍል ሰጡኝ። ሞተሩን የሚሠራ ሙላት የሚባል መካኒክ ቀጠሩ። ደመወዙ ከልብስ ስፌት ይሻላል፤ የሊብሬውንና የቦሎውን ጣጣ ሐጂ ራሳቸው ይሮጡበታል። የኛ ሥራ መኪኖቹን ወደ መልካቸው መመለስ ነበር።

ወደ መልካቸው ስል በነዕቃቸው ማለቴ ነው። ሐጂ በዚህ ላይ ቀልድ አያውቁም። በመኪናዋ ዘመን የነበረው ራዲዮ፣ በቁልፍ የሚሞላው ሰዓት፣ በመስኮቱ አጠገብ የሚሰካው የአበባ ብርጭቆ፣ ከኋላ የሚታሰረው የቆዳ ሣጥን፣ የነጂው ቆብና ጓንት ሳይቀር እንዲሟላ ይፈልጋሉ። በገበያ ቀን ደጎሎና ወረኢሉ አብረን እየሄድን እንጠይቃለን። ከአንዲት እናት ቤት የአበባውን ብርጭቆ አገኘነው፤ ኩል ያስቀምጡበት ነበር። ሣጥኑን ደግሞ አንድ ሙሽራ ጥሎሽ ይዛበት መጥታ፣ ልጆቿ የደብተር ማስቀመጫ አድርገውታል። ሐጂ ዕቃውን ሲያገኙ ልጅ ይሆናሉ። ብርጭቆዋን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው፣ እስከ መካነ ሰላም ድረስ በእጃቸው ይዘዋት ነው የመጡት።

መኪኖቹን ለሙሽራ ማከራየት የጀመርነው ያኔ ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ልጁን ሲድር ጥቁሯን ይጠይቃል።

አሁን ክፉውን ልንገራችሁ። ሁለተኛዋ መኪና ሸራ ጣሪያ ያላት፣ ወተት የመሰለች ነበረች። ወንበሮቿን ክረምት ላይ ሰፋሁ። ቆዳው መጣ፣ ቆረጥኩት፣ በነሐሴ ወጠርኩት። እንደ ከበሮ የተወጠረ፣ መስመሩ የማይዛነፍ ሥራ ነበር። በእድሜዬ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ሐጂ መጥተው ዙሪያውን ዞሩና «ማሻአላህ» ብቻ ብለው ሄዱ።

በጥር የደጎሎ አስተማሪ ልጅ ተዳረች። መኪናዋን እኔም አብሬ ሄጄ ሸለምኳት። ሙሽራይቱ ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ ገባች፣ ሚዜዎቿ በግራና በቀኝ ገቡ። መኪናዋ ተነሥታ የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ስትነጥር «ጧ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጎማ መስሎኝ ነበር። ወንበሩ ነው። ስፌቱ ከዳር እስከ ዳር ተተርትሮ፣ ሞላው ከነሙሌቱ እላያቸው ላይ ወጣ። ለሙሌት የጠቀጠቅኩት ጥቁር የፈረስ ጭራ፣ ከነአቧራው፣ በዚያ በነጭ ቀሚስ ላይ። ሙሽራይቱ መጀመሪያ ደነገጠች፣ ከዚያ አለቀሰች። እልልታው ቆመ። ሚኒባስ ተለምኖ ነው የተወሰደችው።

ወደ መካነ ሰላም ስንመለስ ሐጂ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ በወደድኩ። ወሬው ከኛ ቀድሞ ገባ። ለየካቲት መኪና የያዙት ሁሉ አፉ በሉን እያሉ ሰረዙ። እኔ የሥራ ክፍሌን ቁልፍ ለሐጂ ሚስት ሰጥቼ ቤቴ ገባሁ፤ የልብስ መኪናዬን አቧራ ጠርጌ የጎረቤት ዩኒፎርም መስፋት ጀመርኩ። ጓደኞቼ «አብሽሪ፣ ያልፋል» ይሉኛል። እኔ ግን በቃኝ ብዬ ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ጋሼ መንገሻ ቆመዋል፣ የመሣሪያ ቦርሳቸውን እንደያዙ፣ ከአውቶብስ አቧራ ጋር። እኒያ «አልሄድም» ያሉት ሰው፤ ወሬው ደሴም ደርሷቸዋል።

«ወንበሩ የት ነው?» አሉኝ። ሰላምታም የለ።

ሄድን። የተቀደደውን ጠርዝ በጣታቸው ዳሰሱት፣ አሸተቱት።

«መቼ ወጠርሽው?»

«ነሐሴ።»

«ደርቆ ነበር?»

«ደርቆ ነበር ጋሼ። በእጄ አይቻለሁ።»

መስኮቱን ከፍተው ወደ ውጭ አዩ፤ ሜዳውን፣ ደመናውን። ወንበር ስበው ተቀመጡና፣ «እዚህ አገር ነሐሴ ላይ ምንም ነገር አይደርቅም» አሉ። «እርጥበቱን በሆዱ እንደያዘ ነው የወጠርሽው። በጋ ሲገባ ሲኮማተር ስፌቱን በጠሰው። እኔ ያስተማርኩሽ በደሴ አየር ነው። ይህን አገር ሁለታችንም አናውቀውም፤ አብረን እንማረው።»

«እኔ ተውኩት እኮ።»

«ዛሬ ከሰው ጋር ተቀያይመሻል?»

«ኧረ አልተቀያየምኩም።»

«እንግዲያው ቆዳ አምጪ።»

እስኪጨርሱ ድረስ እዚያው ከረሙ። ከዳቦ ቤቱ ጋር ግድግዳ የምትጋራ አንዲት ጠባብ ክፍል አገኘን፤ ምድጃው ቀኑን ሙሉ ስለሚነድ ግድግዳው አይቀዘቅዝም። ቆዳውን እዚያ ሰቀልነው። በየጊዜው ቁራጭ እየቆረጥን እንመዝናለን፤ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ድረስ መቀስ አላስነኩኝም። ሲወጠርም እንደ ከበሮ ሳይሆን ትንሽ ትንፋሽ እየተተወለት ነው። ሙሌቱንም አስተካከሉልኝ። ከቦረና ፈረሰኞች የምገዛውን ጭራ ዝም ብዬ ነበር የምሞላው። እሳቸው አሳጥበው፣ እንደ ገመድ አስገምደው፣ ቀቅለው፣ አድርቀው ሲፈቱት እንደ ሕፃን ልጅ ፀጉር ተጠቅልሎ ቀረ። ሲጫኑት ይተኛል፣ ሲለቁት ይነሣል። ሐጂ መጥተው በመዳፋቸው ተጫኑት፣ ለቀቁት፣ ደግመው ተጫኑት። ከዚያ ቀን በኋላ የሰፋሁት ወንበር ተቀዶ አያውቅም።

ወይዘሮ አስካለ የላኩብኝ በማግስቱ ዓመት ነው። አገሩ በሙሉ እሜቴ አስካለ ነው የሚላቸው፤ ከወረኢሉ ከተማ ወጣ ብለው የሚኖሩ፣ የድሮ ባላባት ልጅ ናቸው። መልእክቱን ያመጣው ነጋዴ «ለሐጂ ሳይሆን ለሴቲቱ ንገር ነው ያሉኝ» አለኝ። ሐጂን ይዤ ሄድኩ።

ስድሳን ያለፉ፣ አጠር ያሉ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሴት ናቸው። ቤት ካስገቡንና ከጋበዙን በኋላ ወደ ጭድ ቤታቸው መሩን። ከጭዱ ጀርባ የድንጋይ ግድግዳ አለ።

«ናዱት» አሉ።

ሐጂ ግራ ገባቸው። «እሜቴ፣ ቤቱ ይወድቃል።»

«ይህን ግድግዳ እኔ ነኝ የገነባሁት፤ የቤቱ አይደለም። ናዱት።»

ከላይ ጀምረን ድንጋዩን ስናነሣ መጀመሪያ የታየን የፊት መብራት ነው። እንደ ሳህን የሰፋ፣ በአቧራ የታወረ። ከዚያ ረጅሙ ኮፈን። ከዚያ አረንጓዴ በር። የእንግሊዝ አገር ሥራ ናት፤ መሪዋ በቀኝ በኩል፣ አገራችን መንገዱን በግራ ይዞ በሚነዳበት ዘመን የመጣች። የመሬት አዋጁ ሰሞን አባታቸው ሞቱ። ንብረት የሚመዘግቡት ሲመጡ እሜቴ «ገደል ገባች» አሏቸው፤ እሳቸውና የቤታቸው ሰዎች ግድግዳውን አቁመው ጭድ ከምረውበት ነበር። ሐጂ ኮፈኑ ላይ እጃቸውን አሳርፈው ቀሩ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ ዱዓ ይሆናል።

«ውሰዷት» አሉ እሜቴ። «እዚህ አይጥ ከሚበላት ሰው ይቀመጥባት። ግን ስትድን፣ የመጀመሪያውን ቀን የምነዳት እኔ ነኝ።»

ሐጂ ሳል ያዛቸው። «ኢንሻላህ» ብለው በዚያው አለፉት።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ አወጡት። «ዘሀራ፣ እሜቴ አርጅተዋል። ትዝታና ምኞት ተደባልቆባቸው ነው። በዚያ ዘመን የባላባት ልጅ፣ ሴት፣ መኪና ነድታ?»

«በዚህ ዘመንስ ሐጂ፣ ሴት ልጅ ወንበር ሰፍታ?»

ልባቸው ግን እንዳልተቀበለው አውቃለሁ። መኪናዋ ብርቅ ናት። መንገዱ ጠጠር ነው። ገደሉ ገደል ነው። ደጎሎ ላይ የተዋረድነው ገና ከሰው አፍ አልወጣም፤ አሁን ደግሞ አሮጊት ይዛን ብትገለበጥ ሥራው እንዳለቀለት ነው። በሌላ በኩል የሰው አደራ አለ። ለሐጂ ቃል ቀላል ነገር አይደለም።

መኪናዋ በጭነት መኪና ተጭና፣ ረጅሙን መንገድ ዞራ መካነ ሰላም ገባች። ሞተሯ ደርቆ ተጣብቋል። ሙላት በጉልበት አልሄደባትም፤ የሞተሯን ካንዴላዎች ፈትቶ በየቀዳዳው ዘይት አፈሰሰና ተዋት። በየጠዋቱ ማርሽ አስገብቶ በቀስታ ወደፊትና ወደኋላ ያወዛውዛታል። ሳምንታት አለፉ፣ ንቅንቅ የለም። አንድ ጠዋት እኔ ቆዳ ስቆርጥ «ዘሀራ! ዘሀራ!» እያለ ጠራኝ። ስሮጥ ሄድኩ። ጎማው ሲዞር ማራገቢያውም አብሮ ዞረ፤ የተጣበቀው ሞተር ተላቀቀ። ሁለታችንም እየተያየን ሳቅን።

እኔ ደግሞ ከወንበሮቹ ጋር ነበርኩ። አይጥ ጎጆ ሠርቶባቸዋል። የኋላውን ፈታሁ፣ የፊት ግራውን ፈታሁ። የነጂው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። መቀመጫው ላይ አንድ ወፍራም ተጨማሪ ትራስ ተሰፍቷል፤ መደገፊያውም በዚያው ልክ ወደፊት ተገፍቷል። ቆዳው የፋብሪካው አይደለም። ስፌቱም የመኪና ወንበር ስፌት አይደለም፤ የኮርቻ ስፌት ነው። እንደ ግድፈት አይቼ ልፈታው ነበር። የጋሼ መንገሻ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ምክንያቱን ሳታገኚ።

ጫማዬን አውልቄ ገባሁና ዓይኔን ጨፈንኩ። እኔ ረጅም ነኝ፤ ጉልበቴ መሪው ላይ ተጣበቀ። ወረድኩና ሐጂን ጠራኋቸው።

«ሐጂ፣ እስቲ እዚህ ይቀመጡ።»

ገቡ። ጉልበታቸው አልገባ አለ። «ይህ ለማን ነው የተሰፋው?» አሉ፣ ትራሱን ወደታች እየተጫኑ። «ለልጅ ነው?»

«አጭር ለሆነ ሰው ነው። እግሩ ፍሬን ለማይደርስ።»

እዚያው ጠበው እንደተቀመጡ መሪውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ሲወርዱ «ትራሱን እንደነበረ አድርገሽ ስፊው» አሉኝ። «ያለዚያ እሜቴ አይመቻቸውም።»

በኋላ እሜቴን ስጠይቃቸው ሳቁ። «አባቴ የኮርቻ ሰፊያቸውን አስጠርተው ነው ያሰፉልኝ። ወንድ ልጅ አልነበራቸውም፤ ነጂያቸው ደግሞ ጠጅ ይወድ ነበር። ምን ያድርጉ? ጃማ ሜዳ ላይ አስተማሩኝ፣ እስከ አብዮቱ ድረስ ነዳሁ።»

ያቺ መኪና ለኛ ሥራ ያደረገችውን በአጭሩ ልበል። ከመካነ ሰላም እስከ ደጎሎ ሙሽሮች «እሜቴ ራሳቸው ይንዱን» ብለው መጠየቅ ጀመሩ። እሜቴም ነዱ፣ ዓመታት፤ ጓንት አጥልቀው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እልልታውን በጥሩምባ እየመለሱ። እኔንም መንዳት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ከዐረብ አገር የተመለሱ ሁለት ሴቶች እኔ ዘንድ ስፌት ተምረው ዛሬ ደሴ የራሳቸውን ሱቅ ይዘዋል። ጋሼ መንገሻ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ይህን ሁሉ አይተው ነው ያረፉት። እኔ ግን ይህን ትዝታ መጨረስ የምፈልገው በመጀመሪያው ቀን ነው።

የካቲት ነበር፣ አየሩ ጥርት ያለ። መኪናዋን ደጎሎ ድረስ አስጭነን ወስደን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ እሜቴ መንዳት የተማሩበት ጃማ ሜዳ ላይ አወረድናት። አረንጓዴ ቀለሟ ያበራል። እሜቴ መጥተው ዙሪያዋን አልዞሩም፣ አላለቀሱም፤ በሩን ከፍተው ገቡ። መስታወቱን አስተካከሉ። እኔ ከጎናቸው ሆንኩ። ሐጂ ከኋላ ገብተው የበሩን እጀታ በሁለት እጃቸው ያዙ፤ አስቀድመው «ሜዳው ላይ አንድ ዙር ብቻ፣ እሜቴ» ብለዋቸዋል።

ሙላት ይችን መኪና ማርሽ ሲያስገባ ሁልጊዜ ትንገጫገጫለች፤ የድሮ ካምቢዮ ናት፣ ፍሪሲዮኑ ሁለት ጊዜ መረገጥ አለበት። እሜቴ ረገጡ፣ ለቀቁ፣ ደግመው ረገጡ። ማርሹ እንደ ቅቤ ገባ። ሙላት ከውጭ ቆሞ «ወይኔ!» ሲል ሰማሁት።

ሜዳውን አንድ ጊዜ ዞርን። ገብስ የሚያበራዩ ሰዎች መንሻቸውን ይዘው ቆሙ። ሁለተኛውን ዙር ሲጀምሩ እሜቴ መሪውን ሰበር አደረጉና መንገዱ ላይ ወጡ፤ ወደ ወረኢሉ።

«እሜቴ፣» አሉ ሐጂ ከኋላ፣ ድምፃቸው ቀጭን ሆኖ፣ «ሜዳው ላይ ነበር የተባባልነው።»

«ሜዳው አልቋል ሐጂ።»

በጠጠሩ ላይ ሞላው ሲያነጥረን አዳምጣለሁ። ስፌቴ ዝም ብሏል። መታጠፊያው ላይ ከመድረሳቸው በፊት ማርሽ ይቀንሳሉ፣ ፍሬን ሳይነኩ ይታጠፋሉ። የከብት መንጋ ሲያጋጥማቸው ጥሩምባ አይነፉም፤ ቆመው ያሳልፋሉ። ወረኢሉ ስንደርስ ገበያ ነው። ሰው ለሁለት ተከፈለ። አንድ ሽማግሌ ቆባቸውን አውልቀው «የእሜቴ አባት መኪና!» ብለው ጮኹ። ከመስጊዱ የወጡት፣ ከጠጅ ቤት የወጡት፣ ሁሉም መንገድ ዳር ቆሙ። እሜቴ አንገታቸውን ብቻ ዝቅ እያደረጉ ሰላምታ እየሰጡ አለፉ። ከከተማው ወጥተን የቤታቸው መታጠፊያ ላይ ደረስን። አለፍነው።

«እሜቴ፣ ቤትዎ!» አልኳቸው።

«አየሁት።»

«ወዴት ነው?»

«ወደሚቀጥለው ከተማ፣ ወደ ካቤ። ከዚያ ወዲያ እንዳስፈለገ።»

ዞር ብዬ ሐጂን አየሁ። የበሩን እጀታ ለቀዋል። ወደፊት ጠጋ ብለው በእሜቴ ትከሻ ላይ መንገዱን ያያሉ፣ የሞተሩን ድምፅ ያዳምጣሉ፤ ፊታቸው ላይ ምንም ፍርሃት አልነበረም።

ካቤ ስንገባ ሐጂ «ቀትር ሆነ፤ የዝሁር ሰላት ደርሷል፣ እሜቴ፣ ትንሽ ይጠብቁን» አሉ። እሜቴ ከመንገዱ ዳር አቆሙ። ሞተሩን ግን አላጠፉም፤ «ከጠፋች ላትነሣ ትችላለች» አሉኝ። ሐጂና እኔ ሰግደን ስንመለስ መኪናዋን ሰው ከቧታል። እኔ የፊቱን በር ልከፍት እጄን ስሰድ ሐጂ ቀደሙኝ። መስኮቱ ላይ ጎንበስ ብለው፣ እንደ አንድ የሰፈር ልጅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እሜቴ፣ ካልከፋዎ፣ አሁን እኔ ፊት ብቀመጥስ?» አሉ።

እሜቴ ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው።

«ጫማዎን ያራግፉና ይግቡ።»

ሐጂ ጫማቸውን አውልቀው አንዱን በአንዱ ላይ መቱ። አቧራው ቦነነ። እኔ ከኋላ ገብቼ በሩን ሳይጮህ ዘጋሁት፤ ሄድን።